የወጥ ሽታ የሚያመጣው ቀንድ

ልጆቼ፣ የማወራችሁ ስለ አንድ አገር ነው። ስሙን አትጠይቁኝ። ብነግራችሁ ግማሾቻችሁ «እኔ እዚያ ዘመድ አለኝ» ትላላችሁ፤ ግማሾቻችሁ ትቆጡኛላችሁ፤ ወሬውም እዚያው ይቀራል። እኔ ብዙ ፊደል የቆጠርኩ ሰው አይደለሁም። ያየሁትን ግን እንዳየሁት እጽፍላችኋለሁ። ያልገባችሁ ቦታ ካለ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አትጨነቁ።

ከተማችን ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች ነበረች። ከወንዙ ወዲያ፣ ልክ ፊት ለፊታችን፣ ሌላ ከተማ አለ። የራሱ ስም ሳይኖረው አይቀርም፤ እኛ ግን «ማዶ» ነበር የምንለው። ከእኛ ገደል ሥር፣ ወንዙ ዳር ደግሞ፣ ታች ሰፈር የሚባል መንደር አለ። የምንበላው ጎመንና ሽንኩርት የሚመጣው ከዚያ ነው። ታናሽ እህቴ ዘርትሁን ያገባችው እዚያ ነበር፤ ባሏ ከሞተ በኋላም አትክልቷንና አንዲት በጓን ይዛ እዚያው ቀረች።

በዚያ አገር ወሬ የሚሄደው በቀንድ ነው። ማማ ላይ ትልቅ ቀንድ ይሰቀላል፣ ነፊዎች እየተፈራረቁ ይነፉታል፣ ሰሚው ደረቅ ቅል ጆሮው ላይ ለጥፎ ያዳምጣል። የመጀመሪያው ዓይነት ቀንድ የሚያውቀው «ና» እና «አትምጣ» ብቻ ነበር። ሁለተኛው ሙሉ ቃል ያደርሳል። ሦስተኛው ሳቅ ያደርሳል፤ አራተኛው ዘፈን። እኛ ሦስተኛው ነበረን። ሳቅ በጥቅል ይሸጥ ነበር፤ የጠዋት ሳቅ ገዝታችሁ እስከ ቀትር ካልሳቃችሁት ይቃጠላል። ስለዚህ ጥቅሉ ሊቃጠልበት የደረሰ ሰው ለቅሶ ቤት ገብቶ ቢስቅ ማንም አይቀየመውም። ነፊዎቹ ሲደክሙ ቀንዱ ዝም ይላል፤ ያኔ «ትንፋሽ ሄደ» እንላለን። ሲመለስ ደግሞ ከተማው በአንድ ድምፅ «ትንፋሽ መጣ!» ብሎ ይጮኻል። ደስታችን ትልቅ ነበር። በቀን ብዙ ጊዜ እንደሰት ነበር።

ታች ሰፈር ግን የመጀመሪያው ቀንድ እንኳ አይደርሰውም። ድምፁ በራሳቸው ላይ አልፎ ይሄዳል። ዝናቡ የሚዘንበው ደግሞ ሩቅ ተራራ ላይ ነው፤ እነሱ ፀሐይ እየሞቁ ውሃው በድንገት ይደርስባቸዋል። በየክረምቱ አንድ ነገር ይወስዳል። አንዱን ዓመት አጥር፣ አንዱን ዓመት ላም። አንድ ክረምት የዘርትሁንን ጎረቤት ከነአልጋው ወሰደው።

ስለዚህ እህቴ ከተማ በመጣች ቁጥር የምታነሣው አንድ ነገር ነበር።

«አንድ ሁለተኛ ቀንድ አፋፉ ላይ ወደ ታች አዙራችሁ ስቀሉልን። ‹ውሃ መጣ› ይበለን፣ ሌላ አንፈልግም። ሳቁ ይቅርብን፣ የራሳችን አለን።»

በከተማችን ጉባኤ እጅ አይወጣም። እጅ ይዋሻል ይባላል። ነገሩ ከተነገረ በኋላ ጉሮሮ ቆጣሪ የሚባል ሹም በመካከላችን ይዞርና ምራቁን የዋጠውን ሁሉ ይቆጥራል። የዋጠ ተስማማ ማለት ነው። በዚህ ሥርዓት ስለ ድልድይ ወይም ስለ ውሃ ጉድጓድ የቀረበ ነገር አልፎ አያውቅም። የታች ሰፈር ቀንድ ያለፈው ዘርትሁን ለዋናው ሹም ያመጣችውን የሽንኩርት ጉንጉን ታቅፋ ስለተናገረች፣ ሽታውም የሁሉንም ምራቅ ስላስዋጠ ነው። የዚያ ዓመት ሰሊጥ ተሽጦ ቀንዱ እንዲገዛላቸው ተወሰነ፤ ዋናው ሹምም ሽንኩርቱን ተቀበላት።

እህቴ ያን ቀን ቁልቁለቱን እየዘፈነች ወረደች። እኔ ነኝ የሸኘኋት።

ይህ ሁሉ ሰላም የቆየው ማዶ ተመልካቹ እስኪናገር ድረስ ነው። ማዶ ተመልካች በከተማችን ከሁሉ የሚከበር ሹመት ነበር። አፋፉ ላይ ወንበር አለው፤ ሥራው ማዶን እያየ ምን እንዳላቸው ለሕዝቡ ማሳወቅ ነው። አባቶች ሹመቱን ያቋቋሙት አስበውበት ነው። ሰው በምን መቅናት እንዳለበት ካልተነገረው በየጎረቤቱ ይቀናና እርስ በርሱ ይፋጃል፤ ቅናቱ ግን ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሆነ ከተማ ያስተባብራል ብለው ነው። በእኔ ዘመን ወንበሩ ላይ የነበረው አያ ደምመላሽ ነው፤ አብሮ አደጌ። ዓይኑ እንደ ጭልፊት ነበር፤ ሰዎች ምን እንደለበሱ ብቻ ሳይሆን ለብሰው ምን እንደተሰማቸው ጭምር አያለሁ ይል ነበር።

አንድ ማለዳ ደወሉን ደወለ። ግማሾቻችን ጫማ ሳናደርግ ሮጥን።

«ማዶዎች አምስተኛ ቀንድ ሰቀሉ!»

«ምን ያደርሳል?» አልነው።

«ሽታ።»

«የምን ሽታ?»

«የወጥ። ሚስት አንዱ ጫፍ ሆና ትሠራለች፣ ባል ሌላው ጫፍ ሆኖ ያሸታል። በዓይኔ አየሁ።»

«አያ ደምመላሽ፣ ሽታ እንዴት በዓይን ይታያል?» አልኩት።

«ሰውየው ቅሉን ይዞ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። ደስ የሚል ነገር ያልሸተተው ሰው ምን ብሎ ዓይኑን ይጨፍናል?»

 ልጆቼ፣ ቅናት አገባቡ ይገርማል። በዚያ ምሽት ባለቤቴ የሠራችው ወጥ አፍንጫዬ ሥር ቁጭ ብሎ እየሸተተ፣ እኔን ያማረኝ ወንዝ ተሻግሮ የሚመጣው ሆነ። የራሴን ጎርሼ ጎርሼ ሳልቀምሰው አለቀ።

ጉባኤ ተጠራ። የሰሊጡ ገንዘብ አንድ ነው፤ ወይ የታች ሰፈር ሁለተኛ ቀንድ፣ ወይ የከተማው አምስተኛ።

መጀመሪያ ልዑልሰገድ ተነሣ። ሩቅ አገር ሄዶ የቀንድ ትምህርት የተማረ ወጣት ነው። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ።

«ወገኖቼ» አለ፣ «ሌሎች የሄዱበትን መንገድ ሁሉ አቧራቸውን እየቃምን መከተል አለብን እንዴ? ዘንድሮ ሁለተኛ፣ ለከርሞ አራተኛ ስንል ማዶ ዘጠነኛው ላይ ይደርሳል። አሮጌ ቀንድ የገዛ ሰው ነገ መለዋወጫ አያገኝም። አንዴ እንዝለልና እኩል እንሁን። አምስተኛው ሲኖረን ሐኪም ከሩቅ ሆኖ የታማሚውን ትንፋሽ አሽትቶ መድኃኒት ያዛል። ነጋዴ በርበሬውን ሳይጭን ለገዢ ያስሸትታል። ልጆቻችንን በአሮጌ ቅል አናሳድግ።»

እውነቱን ነው አልኩ በልቤ። ሌላውም ሳይል አልቀረም። ዘርትሁን ከሴቶቹ በኩል ተነሣች።

«የኔ ልጅ፣ ዝለሉ። እኔ መዝለል አልከለከልኩም። ግን የሚዘል ሰው መጀመሪያ የቆመበት መሬት ይኖረዋል። የእኛን ወንዙ እየበላው ነው።»

«እማማ፣ አምስተኛው ለእናንተም ይደርሳል።»

«በየት በኩል?»

«ቀስ በቀስ ነዋ።»

«ውሃውስ? እሱም ቀስ በቀስ እመጣለሁ ብሎሃል?»

ሰዉ ሳቀ። የሳቁት የጠዋት ጥቅላቸው ሊቃጠልባቸው የደረሱት ይሁኑ ወይም ነገሩ የገባቸው፣ አላውቅም።

ያኔ አያ ደምመላሽ በቀስታ ብድግ አለ። ስለ ቀንድ አንድም ቃል አልተናገረም።

«ዶሮ ነው» አለ ዓይኑን ጨፍኖ። «ቁሌቱ እስኪጠቁር ተቁላልቶ... በርበሬው ገብቶ... ቅቤው ላዩ ላይ ሲንሳፈፍ፣ መጨረሻ ላይ ኮረሪማ ጣል ሲደረግበት...»

ጉሮሮ ቆጣሪው ከመቀመጫው ተነሣ።

«ጋሼ!» ብላ ጮኸች እህቴ ከወዲያኛው ጥግ። «በእናታችን ሞት፣ አትዋጥ!»

አልዋጥኩም። እግዜር ያውቃል፣ አልዋጥኩም። ግን አፌ ሞላ። ስለ እህቴ አንድ ሁለት ቃል ልናገር አስቤ ነበር፤ አፌን ብከፍት ይፈስሳል፣ ብዘጋ መናገር የለም። ጉንጬን እንደ ነፊ ወጥሬ ቆሜ ቀረሁ። ጉሮሮ ቆጣሪው ትክ ብሎ አየኝና «ድምፀ ተአቅቦ» ብሎ አለፈኝ።

ከእኔ በቀር ሁሉም ዋጠ። ዘርትሁንም ዋጠች። ዶሮ ካረደች ስንት ዘመኗ! ቆጣሪው እሷንም ቆጠራት።

አምስተኛው ቀንድ በብዙ ሰው ትከሻ መጣ። መልኩ ያምራል፣ እንደ ብር ያበራል። ድምፁ ግን ቀጭን ነው፤ ግድግዳ አያልፍም፣ ቅጠል ይመልሰዋል። ስለዚህ በዋናው መንገድ ዳር የነበሩት ዛፎች ተቆረጡ። በየመታጠፊያው ሌላ ማማ፣ በየማማው ሌላ ነፊ አስፈለገ። ነፊዎቹ ከሦስተኛው ቀንድ ላይ ተነሡ፤ የገዛነውን ሳቅ ሳናገኘው ይቃጠልብን ጀመር። ልዑልሰገድ «ነፊ ቅጠሩ፣ ያለ ነፊ ቀንድ ጌጥ ነው» እያለ ከቢሮ ቢሮ ተንከራተተ። «ለቀንዱ ጨርሰናል» አሉት።

አሮጌው ቅላችን ደግሞ አምስተኛውን አይሰማም። ለእሱ ከሩቅ የሚመጣ ቀይ ቅል ያስፈልጋል። ቀይ ቅል የነበራቸው ዋናው ሹምና አንድ ትልቅ ነጋዴ ብቻ ነበሩ። ዋናው ሹም የነጋዴውን ወጥ ያሸታል፣ ነጋዴው የዋናውን ሹም። ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ቀድሞም በአጥር በኩል ይሸታቸው ነበር።

ይህን ሁሉ እንችለው ነበር። ያልቻልነው ሌላውን ነው። አያ ደምመላሽ አንድ ቀን አንገቱን ደፍቶ ከወንበሩ ወረደ።

«አልቀኑም» አለ።

«እነማን?»

«ማዶዎች ናቸዋ። አንድም ሰው ወደዚህ ዞሮ ሲያይ አላየሁም።»

ከተማው ሐዘን ገባ። ካልተቀናበት ቀንዱ ምን ሊያደርግልን ነው? ዋናው ሹም አዋጅ አወጣ፤ ማንም ሰው በአፋፉ በኩል ሲያልፍ ቅሉን ቀይ ቀለም ቀብቶ፣ ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ እንዲል። አፋፍ ላይ ዓይን ጨፍኖ መሄድ አደጋ እንዳለው በተግባር ከታየ በኋላ አዋጁ ተሻሽሎ አንድ ዓይን ብቻ እንዲጨፈን ተፈቀደ። እኔም አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ምንም የማይሰማ ቅል ይዤ ፈገግ እያልኩ ተመላለስኩ። ዘርትሁን ሽንኩርት ይዛ ስትመጣ አገኘችኝ።

«ጋሼ፣ ምን እየሸተተህ ነው?»

«ቀለሙ» አልኳት።

ሳቀች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ክረምቱ እኮ ገባ» አለችኝ። «እኔ ዘንድሮ እንቅልፍ የለኝም። ውሃው ድምፅ ያሰማ እንደሆነ እያልኩ ስጠብቅ ይነጋል።» ወደ ላይ ወደ ከተማ እንድትመጣ ለመንኳት። «አትክልቱን ማን ያያል? በጓስ?» ብላ ወረደች።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ቀኑ ፀሐይ ነበር። የማዶ ሰዎች ከየቤታቸው እየወጡ አፋፋቸው ላይ ተሰለፉ። ነጠላቸውን አውልቀው ያውለበልባሉ። ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ይዘረጋሉ፣ ይዘላሉ፣ ወደ ተራራው በኩል ይጠቁማሉ።

ደወሉ ተደወለ።

«አዲስ ነገር አወጡ!» አለ አያ ደምመላሽ። «ሁለት እጅ ወደ ላይ፣ ነጠላ ማውለብለብ፣ መዝለል!»

«ስድስተኛው ቀንድ ይሆን?»

«መሆን አለበት። በእጅ የሚሠራ ነው።»

«ሰው ሁሉ ይውጣ!» አለ ዋናው ሹም። «እንዳንቀደም!»

ነፊው ማማውን፣ ባለሱቁ ሱቁን ጥሎ ወጣ። አፋፉ ከዳር እስከ ዳር በሰው ተሞላ። አውለበለብን። እኔም ነጠላዬን አውልቄ አውለበለብኩ፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ደስ ይል ነበር። እኛ ስናውለበልብ ማዶዎች ባሰባቸው። እኛም ባሰብን። አንዲት የማዶ ሴት ራሷን ይዛ ቁጭ አለችና አለቀሰች።

«ማልቀስም አለበት!» አለ አያ ደምመላሽ።

አንዳንዶቻችን ማልቀስ ጀመርን።

ታች ሰፈር የሆነውን በኋላ ዘርትሁን ነገረችኝ። ጎንበስ ብላ ጎመን ስትኮተኩት ጎረቤቷ «ዘርትሁን፣ ቀና በይ፣ የከተማ ሰዎቹን እዪ» አለቻት። ቀና ስትል ከተማው በሙሉ አፋፍ ላይ ተሰልፎ ነጠላ ያውለበልባል።

«በዕድሜዬ አንድ የከተማ ሰው ቁልቁል አይቶ ሰላም ብሎኝ አያውቅም» አለችኝ። «ዛሬ ሁላችሁም ወጥታችሁ ስታውለበልቡ፣ አንዳንዶቻችሁም ስታለቅሱ ሳይ፣ ‹በቃ፣ እየተሰናበቱን ነው› አልኩ። ሰው የሚሰናበተው የሚሞትን ነው።»

ዶማውን ጥላ ጮኸች። የፍየል መንገዱን ይዘው፣ ሽማግሌ እየተሸከሙ፣ ሕፃን እየጎተቱ ሽቅብ ወጡ። የመጨረሻው ሰው ከመንገዱ በላይ ያለ ቋጥኝ ላይ ሲደርስ ውሃው መጣ። ያ ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ጎመኑን፣ አጥሩን፣ ቤቶቹን አንድ ላይ ጠቅልሎ ወሰደ። እኛ እጃችን እንደተሰቀለ ቀረን። ማን ቀድሞ እንደሚያወርድ አላወቅንም።

ሰው አልሞተም።

ዘርትሁን በጓን ትከሻዋ ላይ አጋድማ፣ ጭቃ በጭቃ ሆና አፋፉ ላይ ብቅ አለች። ዋናው ሹም ቀድሞ ደረሰ።

«እንኳን ተረፋችሁ! አምስተኛው ቀንድ አዳናችሁ!»

«የቱ?» አለችው። «ያ ዝም ያለው?»

ዋናው ሹም አልሰማትም፤ ዕለቱ በየዓመቱ የአምስተኛው ቀንድ በዓል ሆኖ እንዲከበር እያወጀ ነበር። ልዑልሰገድ ግን ከማማው ሥር መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ነበር።

«እማማ ዘርትሁን» አላት ቀና ሳይል፣ «ያን ጊዜ ቀስ በቀስ ያልኩሽ...»

«ተወው ልጄ። ይልቅ ይቺን በግ ተቀበለኝ፣ ትከሻዬን ቆረጠችኝ።»

ተነሥቶ ተቀበላት።

ውሃው ሲጎድል ከማዶ አንድ ጀልባ መጣ፤ የቆዩ ቅሎች የተከመሩበት ነው። ማዶዎች አምስተኛውን ሲሰቅሉ ያወረዱትን አሮጌ ሁለተኛ ቀንድ ከመጋዘን አውጥተው፣ በእነሱ በኩል ወደ ታች ሰፈር አዙረው ሰቀሉት። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ጭቃ ግድግዳ ያልፋል፣ ዝናብ አይከለክለውም። የታች ሰፈር ሰዎች ቤታቸውን ከፍ ያለ ቦታ ላይ መልሰው ሠሩ።

አያ ደምመላሽ ይህን አይቶ ወንበሩን ወደ ታች አዞረ። «ጎመን እየኮተኮቱ ሲሰሙ አየሁ!» ብሎ ደወለ። ከተማው በታች ሰፈር ቀና። እውነት እላችኋለሁ፣ በሽንኩርት ሻጮች ቀና። ለከተማው አንድ ሁለተኛ ቀንድ ይገዛ ተብሎ ጉባኤ ተጠራ። «‹ውሃ መጣ› ይላል» ተብሎ ተነገረ፤ ጉሮሮ ቆጣሪው ዞረ፣ ዞረ፤ የዋጠ ሰው አላገኘም። ልዑልሰገድ ብቻ ደረቅ ጉሮሮውን በግድ ሲውጥ አየሁት። አንድ ጉሮሮ ደግሞ አይበቃም።

አንድ ቀን ማምሻው ላይ እህቴን ልጠይቅ ወረድኩ። በሯ ላይ ተቀምጣ ቅሉን ጆሮዋ ላይ ይዛ አገኘኋት። «ጋሼ፣ ና ስማ» ብላ አስያዘችኝ። የሽማግሌ ድምፅ ነው፣ የሻከረ፣ መካከል ላይ የሚያስል።

«ታች ሰፈሮች፣ እንደምን ዋላችሁ። ተራራው ላይ ደመና የለም፤ ወንዙ ዛሬ አይሞላም። ተኙ። ያቺ በጥግ ያለችው ሴትዮ፣ ዛሬ ስታነክሺ አየሁሽ። እግርሽን ምን ነካሽ? እንዳትሸከሚበት። በሉ፣ በሰላም እደሩ።»

«ማነው?» አልኳት።

«እኔ አላውቀውም። ስሙንም ነግሮን አያውቅም» አለችና ወደ ወንዙ ወጣ ብላ ነጠላዋን አንዴ ከፍ አድርጋ ዝቅ አደረገች። ደህና ነኝ ማለቷ ነው። ከዚያ መጥታ እጇን ዘረጋችልኝ።

«ስጠኝ እንጂ ጋሼ፣ ጨረሰ እኮ።»

«ቆይ» አልኳት።

ቀንዱ ዝም ካለ ቆይቷል፤ እኔ ግን ቅሉን ከጆሮዬ አላነሣሁም።